ቀን ያልጠባውን ሌሊት የሚጠባ የ4 ወር ተኩል ሕፃን፦ ለአዳማዋ እናት

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው፤ ሌሎችም ይጠቀሙበታል። ልጅሽ 4 ወር ተኩል ሆኖታል። የወሊድ ፈቃድሽ አልቆ ሥራ ከገባሽ 3 ሳምንት ነው፤ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ወጥተሽ ማታ 11 ሰዓት ተኩል ትመለሻለሽ። አልበሽ የምትተዪውን ወተት እናትሽ ቀን ሁለቴ፣ በአንዴ 50 ሚሊ ሊትር ያህል ትሰጠዋለች። ድሮ 5 ሰዓት ሳይነቃ ይተኛ የነበረው ልጅ አሁን ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀምሮ በየሰዓቱ ይነሳል። አንዷ ጎረቤት «ወተትሽ ቀጥኗል፣ አጥሚት ጀምሪለት»፣ ሌላዋ «ግግ ነው፣ አስወጪለት»፣ ባለቤትሽ ደግሞ «ይተዉት፣ አልቅሶ ይተኛል» ይላሉ።

ሦስቱንም ለጊዜው ተያቸውና ሒሳብ እንሥራ። ጡት ብቻ የሚጠባ ልጅ በዚህ ዕድሜ በቀንና በሌሊት በጠቅላላው በአማካይ 750 ሚሊ ሊትር ያህል ይጠባል፤ በሰዓት ሲካፈል 30 ገደማ ነው። አንቺ 10 ሰዓት ከቤት ስለምትርቂ በዚያ ጊዜ ከ250 እስከ 300 ሚሊ ሊትር ያስፈልገዋል። እያገኘ ያለው 100 ነው። የጎደለውን 150፣ 200 የሚሞላው አንቺ አጠገቡ ስትሆኚ ነው፤ ያ ደግሞ ሌሊት ነው። ወተትሽ አልቀጠነም፤ ልጁ የቀን ምግቡን ወደ ሌሊት አዛውሮት ነው።

በዚህ ላይ የዕድሜው ነገር ተደርቧል። ከ3 እስከ 5 ወር ባለው ጊዜ የሕፃን የእንቅልፍ ዙር ይበልጥ እየለየ ይሄዳል። አንዱ ዙር ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይወስዳል፤ በሁለት ዙሮች መካከል ይባንናል። ጡት አፉ ውስጥ እንዳለ ያንቀላፋ ልጅ ሲባንን ጡቱን ይፈልጋል፤ በእሹሩሩ የተኛም እሹሩሩውን ይፈልጋል። «በየሰዓቱ ይነሳል» ያልሽው ከዚህ ጋር በትክክል ይገጥማል።

ሁለቱን በአንድ ሳምንት ለማስተካከል አትሞክሪ። መጀመሪያ የቀኑን ወተት፣ ከዚያ አተኛኘቱን። ቀን ያልጠገበን ልጅ ሌሊት ጡት መከልከል ግፍ ነው፤ «አልቅሶ ይተኛል» የሚለውን የምቃወመውም ለዚህ ነው።

ወተቱ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሁለቱንም ጡት አጥቢው፣ ከበር ልትወጪ ስትይ ደግሞ ድገሚው። ሥራ ቦታ 4 ሰዓት እና 8 ሰዓት ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ እለቢ፤ ዛሬ ያለብሽው ለነገ ነው። አዳማ ውስጥ ችግሩ ሙቀቱ ነው። የታለበ ወተት ከፍሪጅ ውጭ 4 ሰዓት ይቆያል የሚባለው ክፍሉ እስከ 25 ዲግሪ ሲሆን ነው፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የአዳማ ቢሮ ከዚያ ያልፋል። ስለዚህ አፈ ሰፊ ፔርሙዝ ውስጥ በረዶ አድርጊና ክዳኑ የሚገጥም ንጹህ ጠርሙስ ውስጥ ያለብሽውን ወተት እዚያ አስቀምጪ። ቤት ስትደርሺ ፍሪጅ ውስጥ ወደ ኋላ ገፋ አድርገሽ ክተቺው፤ በሩ ላይ አይሁን። እዚያ እስከ 4 ቀን ይቆያል። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን አትክፈቱ። ወተቱ ቅባቱ ከላይ ቢሰፍ አልተበላሸም፤ በዝግታ ማዟዟር ነው። አይፈላም፤ ሙቅ ውሃ ያለበት ጣሳ ውስጥ ጠርሙሱን ነከር አድርጎ ለብ ማድረግ ይበቃል። ልጁ ጠጥቶ የተረፈው በ2 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋ።

እናትሽ በየ2 ሰዓት ተኩል ከ60 እስከ 80 ሚሊ ሊትር፣ በቀን 4 ጊዜ ትስጠው። ብዙ አያቶች «እምቢ አለ» የሚሉት ከ5 ደቂቃ በኋላ ነው፤ በኩባያ ማጠጣት 20 ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። ልጁን ቀና አድርጋ ጭኗ ላይ ታስቀምጠው። የኩባያውን ጠርዝ የታችኛው ከንፈሩ ላይ ታሳርፈው፣ ወተቱ ከንፈሩን እስኪነካው ብቻ ታዘንብለው። እሱ ራሱ በምላሱ ይልሰዋል። አፉ ውስጥ ማንቆርቆር ያሳንቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ኩባያ ሲያይ ፊቱን ያዞራል።

ይህን 5 ወይም 6 ቀን ካስኬዳችሁ በኋላ ወደ አተኛኘቱ ኑ። በዚህ ዕድሜ ልጅ ሳይተኛ የሚችለው ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ነው። «ቀን ካልተኛ ማታ ይደክመዋል» ማለት አይሠራም፤ ከልክ በላይ የደከመ ልጅ ይነጫነጫል፣ ቶሎ ቶሎም ይባንናል። ቀን አያቱ አዝላው ቢተኛ ምንም አይደለም፤ አፍንጫው ይታይ፣ አገጩ ደረቱ ላይ አይጣበቅ። የመጨረሻው የቀን እንቅልፍ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ያብቃ። አንቺ እንደገባሽ አጥቢው፤ 1 ሰዓት ላይ ገላውን አለቅልቂው፤ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ደብዘዝ ባለ መብራት አጥቢው። ቴሌቪዥኑና የስልኩ ብርሃን ይራቁ።

አሁን ዋናው። ሲጠባ ጉሮሮው ሲውጥ ይሰማሻል። ቆይቶ መዋጡ ይቆምና ከንፈሩ ብቻ ይርገበገባል፤ ያ ምግብ አይደለም። ያኔ ትንሿን ጣትሽን በአፉ ጥግ አስገብተሽ ጡቱን አላቅቂው፣ አገጩንም ከሥር በቀስታ ደግፈሽ ዝጊለት። ፈልጎ አፉን ከከፈተ መልሰሽ ስጪው፤ ግማሽ ደቂቃ ቆይተሽ እንደገና አላቅቂው። በመጀመሪያው ማታ አራት አምስት ጊዜ ትደጋግሚዋለሽ። ዓይኑ ከበድ ብሎ ሳይጨፈን አስተኚው፦ መጀመሪያ መቀመጫው፣ ከዚያ ጀርባው፣ በመጨረሻ ጭንቅላቱ። እጅሽን ደረቱ ላይ 2 ደቂቃ ያህል ተዪው። ካለቀሰ አንሺው፤ አባብለሽ መልሰሽ ሞክሪ።

ሌሊት ሲያጉረመርም ወዲያው አታንሺው። ሕፃናት ተኝተው ያቃስታሉ፣ ይወራጫሉ። ዓይኑ መከፈቱን እይ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቂ። ከጠባ 2 ሰዓት ተኩል ካልሞላው አባቱ ያባብለው፤ የጡት ሽታ የለበትም። ከሞላው አጥቢው። ሽንት ብቻ ከሆነ ዳይፐሩ ሞልቶ ካልፈሰሰ አትቀይሪ።

ስለ ሙቀቱ ሳልናገር አላልፍም፤ የአዳማ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ሞቆት ነው። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ቀን የያዘውን ሙቀት አምሽቶም አይለቅም። የእጅሽን ጀርባ ማጅራቱ ላይ አድርጊ፤ ካላበው ልብሱ በዝቷል። የእጅና የእግሩ መቀዝቀዝ አያታልልሽ። ዳይፐርና አንድ ስስ የጥጥ ካናቴራ ይበቃዋል። ፋኑ እየዞረ ይንፋ፣ ፊቱ ላይ አይተከል። አጎበሩን ፍራሹ ሥር አጥብቀሽ ወትፊው፣ ግን ነጠላ አትደርቢበት፤ አየር ይዘጋል። በጀርባው፣ ጠንከር ያለ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስ ይተኛ። መገልበጥ ከጀመረ መጠቅለል ይቁም። ከሰልና ጭስ መኝታ ክፍል አይግቡ። ለሙቀቱ ብለሽ ውሃ አትስጪው፤ ጡት ይበቃዋል።

አጥሚቱ እስከ 6 ወር ይቆይ። ውሃ፣ አብሽ፣ ቅቤ፣ የስኳር ውሃም እንዲሁ፤ ሆዱን ሞልተው ወተቱን ይቀንሱበታል፣ ተቅማጥም ያመጣሉ። ግግ የሚባለው ደግሞ ገና ያልወጣ የወተት ጥርስ ነው። እሱን ማስወጣት፣ እንጥል ማስቆረጥም ቢሆን፣ ደም ያፈሳል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፤ ልጅ ሞቶበታል። እባክሽ፣ ማንም አፉን እንዳይነካው። «ያስተኛዋል» ተብሎ የሚሰጠው ፕሮሜታዚን ሽሮፕም ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ክልክል ነው፤ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

ትኩሳቱ 38 ከደረሰ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰጂው፤ አዳማ ወባ ስላለ ደሙም ይታይ። አልጠባ ካለ፣ ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ ሥር ከሰረጎደ፣ እርግብግቢቱ ካበጠ ወይም በቀን ከ6 ያነሰ ዳይፐር ካረጠበ ሌሊትም ቢሆን አትጠብቂ።

ለአንቺም ቢያንስ 4 ሰዓት ያልተቆራረጠ እንቅልፍ ያስፈልግሻል። ከምሽቱ 3 እስከ 7 ሰዓት አንቺ ተኚ፤ በዚያ መሀል ሲነሳ ባለቤትሽ አንድ ጊዜ የታለበውን ይስጠው። ልጁ ተኝቶ እያለም አንቺ እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ ለቅሶ ከበዛብሽ፣ ይህንንም ጤና ጣቢያ ተናገሪ፤ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ሕመም ሊሆን ይችላል፣ ይታከማል።

በ2 ሳምንት ውስጥ ከ7 ጊዜ መነሳት ወደ 2 ወይም 3 ከወረደ ለዕድሜው ደህና ነው። እናትሽ የሰጠችውን መጠን በየቀኑ ጻፉት። የክትባት ካርዱ ላይ ያለውን የመጨረሻዎቹን ሁለት ክብደቶችም እዚሁ ጻፊልን፤ የወተቱ መጠን መጨመር እንዳለበት ከዚያ እናያለን።