ለሸሪካችሁ ዋስ ከመሆናችሁ በፊት

ባለፈው ወር አንድ ወጣት ወንድማችን የብድር ውል ይዞ ቤቴ መጣ። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ቨርጂኒያ ውስጥ ባዶ መሬት ሊገዛ ነው፤ ሦስቱም አንዱ ለሌላው ዕዳ ዋስ ሆነው ይፈርማሉ። «ጋሼ፣ መሬት መቼም አይከስርም» አለኝ። መልስ ሳልሰጠው መኪናዬን አስነሥቼ በዋሽንግተን ደቡብ ምዕራብ፣ አራተኛው ጎዳና ላይ ወደሚገኙት አራት የተያያዙ የጡብ ቤቶች ወሰድኩት። ዊት ሮው ይባላሉ። ብዙዎቻችን በዚህች ከተማ ዕድሜያችንን ፈጅተን ታሪካቸውን አናውቅም።

እ.ኤ.አ. በ1793 ሮበርት ሞሪስ፣ ጆን ኒኮልሰንና ጄምስ ግሪንሊፍ ገና በመቆርቆር ላይ ከነበረችው ዋና ከተማ 6,000 ቦታዎችን እያንዳንዱን በ80 ዶላር ለመግዛት ተዋዋሉ። ክፍያው በየዓመቱ ለሰባት ዓመት ነው፤ ቤት የመሥራት ግዴታም ነበረባቸው፤ ዊት ሮውም በዚሁ ግዴታ ከተሠሩት ቤቶች ነው። ሞሪስ ተራ ነጋዴ አልነበረም። ለአሜሪካ አብዮት ገንዘብ ያፈላለገ፣ የነጻነት አዋጁንም ሕገ መንግሥቱንም የፈረመ ሰው ነው። ተስፋቸው ግሪንሊፍ ከአምስተርዳም ያመጣዋል የተባለው ብድር ነበር። ብድሩ እንዳሰቡት ሳይመጣ ቀረ፤ በ1795 ደግሞ የፈረንሳይ ጦር ሆላንድ ገባ። እነርሱ ግን በዚያው ዓመት ከፔንሲልቫኒያ እስከ ጆርጂያ ስድስት ሚሊዮን ኤከር የሚያህል መሬት የያዘ ኩባንያ አቋቋሙ።

የጠፉት በመሬቱ ብቻ አይደለም፤ በፊርማው ነው። ሞሪስ የተስፋ ሰነድ፣ ማለትም «ወደፊት እከፍላለሁ» የሚል ወረቀት፣ ሲጽፍ ኒኮልሰን ዋስ ሆኖ በጀርባው ይፈርማል፤ ኒኮልሰን ሲጽፍ ሞሪስ ይፈርማል። እንዲህ እያሉ አሥር ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ወረቀት በተኑ። አንዱ ሲወድቅ ሌላው የሚያነሣበት ጉልበት አልነበረውም። አበዳሪዎቹ የሞሪስን ቤት ከበው፣ ሜዳው ላይ እሳት አንድደው ሲወጣ ሊያስይዙት ያድሩ ነበር። በ1798 ፊላደልፊያ ውስጥ ለዕዳ እስር ቤት ገባ፤ የወጣው በ1801 ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን እስር ቤት ድረስ ሄዶ አብሮት ምሳ በልቷል። ኒኮልሰን እዚያው በእስር ላይ በ1800 ሞተ።

እኔም በይሉኝታ ለሸሪኬ ፈርሜ ዕዳውን አሥራ አንድ ዓመት ከፍያለሁ። ስለዚህ እለምናችኋለሁ፣ ውላችሁ ውስጥ «በአንድነትና በተናጠል» የሚል ሐረግ ካለ ብዕሩን አስቀምጡ። አበዳሪው ጓደኞቻችሁን ትቶ ሙሉውን ዕዳ ከእናንተ ብቻ ሊጠይቅ ይችላል ማለት ነው። በእቁባችንም ዕጣ የደረሰው ሰው ዋስ ይጠራል፤ ነገር ግን ዋሱ የሚጠየቅበት ገንዘብ ልክ ከመጀመሪያው የታወቀ ነው። እናንተም ዋስትናችሁ ከድርሻችሁ እንዳያልፍ በጽሑፍ ጠይቁ። የራሳችሁን ጠበቃ ያዙ፤ የሸሪካችሁ ጠበቃ የእናንተ አይደለም። መንገድና ውሃ መኖሩን፣ ያልተከፈለ ግብር አለመኖሩን ሳታጣሩ ቀብድ አትስጡ። ጓደኛችሁ «አታምነኝም ወይ?» ብሎ ቢቀየም፣ ዛሬ ይቀየም።

ልጁ ከጡብ ቤቶቹ ፊት ብዙ ቆመ። ውሉን ሳይፈርም ይዞት ተመለሰ። ትናንት ደውሎ ቅዳሜ ሦስቱም መሬቱን በዓይናቸው ሊያዩ እንደሚሄዱ ነገረኝ። እኔም አብሬያቸው እሄዳለሁ።