ከ40 በኋላ ስለሚመጣው ፍርሃት፦ ለወንድማችን ጥያቄ የራሴ መልስ

ወንድሜ፣ እዚህ የብስክሌት ቡድናችን ውስጥ የጻፍከውን ጥያቄ አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። «43 ዓመቴ ነው። ድሮ ሳላስብ የምወርደው ቁልቁለት ላይ አሁን ፍሬን እይዛለሁ። ጓደኛዬ ወድቆ ትከሻው ከተሰበረ ወዲህ ባለቤቴም ተው እያለችኝ ነው። ልጆቹ ደግሞ በዚህ ሰመር ዊንተር ፓርክ፣ በሊፍት ተወጥቶ በብስክሌት ቁልቁል የሚወረድበት ቦታ፣ አብረን እንሂድ ይላሉ። ፍርሃቱን ልጋፈጠው ወይስ ማውንቴን ባይክ ይብቃኝ?» ነው ያልከው።

እኔ 56 ዓመቴ ነው። የምኖረው ዴንቨር አካባቢ ነው። ተራራ ላይ ብስክሌት መንዳት የጀመርኩት በሃያዎቹ መጨረሻ ነው፤ እስካሁን አልተውኩም። አንተ ዛሬ ያለህበት ቦታ ላይ እኔም ነበርኩ፤ የማውቀውን ልንገርህ።

በመጀመሪያ፣ ፈሪ አልሆንክም። ለራስህ የምታቀርበው ጥያቄ ነው የተቀየረው። በ25 ዓመታችን ድንጋያማ ቁልቁለት ጫፍ ላይ ስንቆም የምናስበው «እችለዋለሁ ወይ?» ብለን ነው። ከ40 በኋላ «ባልችለውስ ምን ይመጣል?» ማለት እንጀምራለን። ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ መጠየቅ የጀመረ ሰው መንገዱን በሌላ ዓይን ያየዋል።

ለምሳሌ ዴንቨር አጠገብ ጎልደን ከተማ ያለውን አፔክስ ፓርክ ውሰድ። ሽቅብ ስትወጣ ድንጋዩ አያስሄድም። ጎማህ ይንሸራተታል፣ እግርህን ታወርዳለህ፣ አንዳንዴ በጎን ትወድቃለህ። ግን የምትሄደው በእግር መንገደኛ ፍጥነት ስለሆነ ብትወድቅ አብዛኛውን ጊዜ ክርንህ ቢላጥ ነው። አሁን ደግሞ እንደ ዊንተር ፓርክ ባለ ባይክ ፓርክ ውስጥ ያለ ሰፊ፣ የተስተካከለ፣ ለስላሳ መንገድ አስብ። ማንም ይወርደዋል። ግን ፍጥነቱ ሳይታወቅህ ይጨምራል፤ ግራና ቀኙ ደግሞ ዛፍ ነው። ፍጥነትህ እጥፍ ሲሆን ሰውነትህ ይዞት የሚበረው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ስትወድቅ ያ ሁሉ የሆነ ቦታ ላይ ማረፍ አለበት።

በየመንገዱ መግቢያ ላይ የምናያቸው ምልክቶች፣ አረንጓዴ ክብ (ቀላል)፣ ሰማያዊ ካሬ (መካከለኛ)፣ ጥቁር ዳይመንድ (ከባድ)፣ የሚነግሩህ መንገዱ ምን ያህል እንደሚከብድ ነው። ብትስት ምን እንደሚጠብቅህ አይነግሩህም። ያንን ራስህ ማንበብ አለብህ። እኔ በዕድሜ አገኘሁ የምለው ትልቁ ነገር ይህ ንባብ ነው። ዛሬ ከባድ ሆኖ መውደቂያው ለስላሳ የሆነ ቦታ ላይ ከድሮው የበለጠ እደፍራለሁ። ቀላል ሆኖ ከጎኑ ገደል ያለበት ቦታ ላይ ደግሞ ቀስ እላለሁ፤ ማንም ከኋላዬ ቢጮህ ግድ የለኝም።

ስለ ሰውነት ብዙ አልልህም፤ ሐኪምህ የተሻለ ይነግርሃል። አጥንት በ30 ዓመት አካባቢ ጫፍ ላይ ይደርስና ከዚያ ቀስ እያለ ይሳሳል። እህቶቻችን ላይ ደግሞ የወር አበባ ሲቋረጥ ይፈጥናል። ከደረት ወደ ትከሻ የሚሄደው ቀጭን አጥንት፣ ጓደኛህን ያገኘው እሱ ይመስለኛል፣ ትንሽ ልጅ ላይ በአንድ ወር ገደማ ሊገጥም ይችላል። እኛ ላይ ሁለትና ሦስት ወር ሊፈጅ ይችላል። ብስክሌት ለልብና ለሳንባ ግሩም ነው፤ አጥንትን ለማጠንከር ግን ያን ያህል አይረዳም፤ ክብደትህን የሚሸከመው ኮርቻው ነዋ። ስለዚህ ክብደት ማንሳት ጀምር። እኔ ጂም መግባት የማልወድ ሰው ነኝ፤ ግን በሳምንቱ መሀል አልቀርም።

ጭንቅላት ግን ለብቻው ነው። ዕድሜ ሲገፋ አንጎል በመጠኑ ያንሳል፤ እሱን ከላይ ከሸፈነው ሽፋን ጋር የሚያገናኙት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይወጠራሉ። ቀላል የሚመስል ምት እንኳ ውስጥ ለውስጥ ደም ሊያፈስስ ይችላል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ላይ አደጋው ይብሳል። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው «ደህና ነኝ» ቢልም ብቻውን አታሳድሩት። ራስ ምታቱ ከባሰ፣ ካስመለሰው፣ ንግግሩ ከተምታታ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ጠዋትን ሳትጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ከአጥንቱ በላይ የቀየረኝ ግን ኑሮ ነው። እኔ ሹፌር ነኝ። እጄ ጀሶ ውስጥ ከገባ መሪ አልይዝም፤ መሪ ካልያዝኩ ገቢ የለም። ኢንሹራንስ ቢኖርህም ከኪስህ የምትጨምረው ቀላል አይደለም፤ የቤት ኪራዩም ጀሶው እስኪፈታ አይጠብቅህም። አገር ቤት ደግሞ በየወሩ እጄን የሚያዩ ሰዎች አሉ። በሃያዎቹ ብወድቅ የምወድቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አሁን ብወድቅ ብቻዬን አልወድቅም። እዚህ ቡድን ውስጥ ያለን ብዙዎቻችን እንደዚህ ነን፤ ፀጉር የሚሠራ አለ፣ ሕመምተኛ የሚያነሳ አለ፣ ወጥ ቤት የሚቆም አለ። የኛ እንጀራ በእጃችን ነው። ይህን ማሰብ እንደ ድክመት የሚቆጠርበት ምክንያት አይታየኝም።

አሁን ወደ ፍሬኑ ልምጣ። ፍርሃት ይጠቅማል፤ ትክክለኛው ሰዓት ላይ ከመጣ። መውረድ ከመጀመርህ በፊት ከመጣ ጓደኛህ ነው። መሀል ላይ ከመጣ ግን ሰባሪ ነው።

ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተደረደረበት፣ እንደ ደረጃ የሚወርድ ቦታ ላይ ነህ እንበል። የፊት ጎማህ የመጀመሪያውን ድንጋይ ወረደ። ሁለተኛውን አየኸውና ደነገጥክ። ትከሻህ ወደ ጆሮህ ወጣ፣ ክንድህ ደረቀ፣ ዓይንህ ጎማህ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተተከለ፣ ጣቶችህ የፊት ፍሬኑን ጨመደዱት። የፊት ጎማው ድንጋዩ ሥር ቀጥ ሲል አንተ ግን ትቀጥላለህ፤ በመሪው ላይ ተሻግረህ። እጅህን ትዘረጋለህ፤ የእጅ አንጓ ወይም ትከሻ የሚሰበረው ያኔ ነው። ያንኑ ቦታ ሳይጨነቅ፣ ክንዱን ለቀቅ፣ ተረከዙን ዝቅ አድርጎ፣ ዓይኑን መውጫው ላይ ጥሎ የገባ ሰው ጎማው ራሱ ያሳልፈዋል።

ስለዚህ የምከተላት ሕግ አንዲት ናት። ከተጠራጠርኩ ከላይ እቆማለሁ፣ ብስክሌቱን አጋድሜ በእግሬ ወርጄ አያለሁ። መግቢያው የት ነው? መውጫውስ? ብስት የምወድቀው ምን ላይ ነው? ከዚያ እወስናለሁ። ወይ ሙሉ በሙሉ እገባለሁ፣ ወይ ብስክሌቴን እየገፋሁ እወርዳለሁ። ግማሽ ልብ ይዞ መግባት ግን የለም። ገፍቼ ስለወረድኩ ቀኔ የተበላሸበት ጊዜ የለም።

ዕቃህም ከዕድሜህ ጋር ይሂድ። የጉልበት መከላከያ ሁልጊዜ፣ ለአጭር ዙር እንኳን። ሊፍት ያለበት ፓርክ ስትሄድ አገጭን የሚሸፍነው ሄልሜት። በአንድ ቁልፍ ዝቅ የሚል ኮርቻ ከሌለህ ከሌላው ሁሉ በፊት እሱን ግዛ፤ ቁልቁለት ላይ ሰውነትህን የምታንቀሳቅስበት ቦታ ይሰጥሃል። ከብስክሌት ታሪክ የምወደው ጨዋታ አለ። እ.ኤ.አ. በ1976 ካሊፎርኒያ፣ ታማልፓይስ ተራራ አቅራቢያ፣ ወጣቶች በከባድ አሮጌ ብስክሌት ቁልቁል ይወዳደሩ ነበር። ፍሬኑ የኋላ ጎማው እምብርት ውስጥ ነበር፤ ከመጋሉ የተነሳ ግራሱ እየጨሰ ይወጣል፤ ወርደው ሲጨርሱ እንደገና መሙላት ነበረባቸው። ውድድሩ ሪፓክ (በእንግሊዝኛ «እንደገና መሙላት») የተባለው በዚህ ነው። ዛሬ ፍሬናችን በሁለት ጣት ይቆማል። ግን ዕቃው በተሻሻለ ቁጥር እኛም ፍጥነት እንጨምራለን፤ ትርፉን መልሰን እንበላዋለን። ትልልቅ ሰዎች ያንን ትርፍ ለደኅንነት ብናስቀምጠው ይሻላል።

«ይብቃኝ ወይ?» ላልከው፣ ዕድሜ ብቻውን ምክንያት አይሆንም። ደቡብ አፍሪካዊው ግሬግ ሚናር በ2021 ጣልያን ውስጥ ቫል ዲ ሶሌ ላይ የዓለም ዳውንሂል (የቁልቁለት ውድድር) ሻምፒዮን ሲሆን 39 ዓመቱ ነበር። ኖርዌያዊቷ ጉን-ሪታ ዳህሌ በ2004 አቴንስ ኦሎምፒክ ላይ በማውንቴን ባይክ ወርቅ አጥልቃ እስከ 45 ዓመቷ ድረስ ተወዳድራለች። እነሱ ሙያቸው ነው፣ ከእኛ ጋር አይወዳደሩም፤ ግን ዓይንና ልምድ በዕድሜ እንደማይጠፉ ያሳያሉ።

አንድ ነገር አደራ። ወድቀህ አንጓህን ካመመህ «ወለምታ ነው» ብለህ እንዳትተኛበት። አውራ ጣትህን ወደ ላይ ስትቀስር ከሥሩ፣ በሁለት ጅማቶች መካከል ትንሽ ጉድጓድ ታያለህ። እዚያ ላይ ስትጫነው ካመመህ ውስጥ ያለችው ትንሽ አጥንት ተሰንጥቃ ሊሆን ይችላል። ደም በደንብ አይደርሳትም፤ ችላ ከተባለች ሳትገጥም ትቀራለች። የመጀመሪያው ራጅ ላይ ላትታይም ትችላለች፤ ሐኪሙ አስሮልህ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስ ቢልህ ተመለስ። ወጌሻ አልንቅም፤ በልጅነቴ ያሹኝ እነሱ ናቸው። ይህችን አጥንት ግን በራጅ ሳትነሳና ሳትረጋገጥ ማንም እንዳያሻት።

ባለቤትህን ደግሞ አትሸሻት። የት እንደምትሄድ፣ ከማን ጋር እንደሆንክ፣ ስንት ሰዓት እንደምትመለስ ንገራት፤ ስልክህ ያለህበትን ቦታ እንዲያሳያት አድርግ። ብቻህን ሩቅ ጫካ መሄዱን ተወው። የኔዋም ትቃወም ነበር። አንድ ቀን ይዣት ሄጄ፣ ከየትኛው ቦታ ላይ ወርጄ እንደምገፋ ካየች በኋላ ነው ነገሩ የቀለላት።

ዊንተር ፓርክ ሂድ። ጠዋት ከአረንጓዴው ጀምር፣ ምንም ቢቀልህ። ሰማያዊው ላይ መጀመሪያ ቀስ ብለህ ለማየት ብቻ ውረድ፤ ቀጥለህ ትንሽ ለቀቅ፤ ከዚያ እንደፈለግህ። ዝላዮቹ ላይ ልጆቹን ተከትለህ አትግባ፤ ከፊትህ ያለው ሰው ፍጥነት ላንተ አልተለካም። ከሰዓት በኋላ እጅህ መያዝ ሲያቅተው፣ ፍሬን ስትጨብጥ ጣቶችህ ሲያቃጥሉህ፣ ቀኑ አልቋል። «አንድ ዙር ብቻ» ሲሉህ መኪናው ጋ እጠብቃችኋለሁ በላቸው። ከዚያ በፊት አፔክስ ላይ ድንጋዩን አብረን ብንለማመድ ደስ ይለኛል፤ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።