ትራስ ሥር የተገኙት ሰባት አበቦች

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይድረስዎ። የምኖረው ስዊድን ነው። የ11 ዓመት ልጄ ማንበብ በጣም ትወዳለች። ሰሞኑን የያዘችው ልብ ወለድ ስለ አንዲት ልጅ ነው፤ ከዓመቱ ሁሉ ቀኑ በሚረዝምበት ዕለት የጫካ በር ይከፈትላትና አስማት ትማራለች። እዚህ አገር በሰኔ «ሚድሶማር» የሚሉት በዓል አለ። የበዓሉ ማግስት አልጋዋን ሳነጥፍ ትራሷ ሥር የጠወለጉ ሰባት አበቦች አገኘሁ። ምንድን ነው ስላት «ወደፊት የማገባውን በሕልሜ እንዳይ ነው፤ ጓደኞቼም አድርገዋል» አለችኝ። ደነገጥኩ። መጽሐፉን ላቃጥለው? ጠበልስ ልውሰዳት?

መልስ፦ እኅቴ፣ መጀመሪያ ተረጋጊ። ልጅሽ ስትጠይቂያት እውነቱን ነግራሻለች። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዛሬ በቁጣ ከጀመርሽ፣ ለከርሞ አበባውን የምትደብቅበት ሌላ ቦታ አታጣም።

ጥያቄሽ አንድ ይመስላል እንጂ ሁለት ነው። መጽሐፉ ሌላ፣ አበባው ሌላ።

ከመጽሐፉ እንጀምር። ተረት ውሸት አይደለም፤ ተናጋሪውም ሰሚውም ተረት መሆኑን ያውቃሉና። መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 9ን ክፈቺ። ኢዮአታም ገሪዛን ተራራ ላይ ቆሞ ለሴኬም ሰዎች ተረት ይነግራቸዋል። ዛፎች ንጉሥ ሊያነግሡ ይሄዳሉ። ወይራው እምቢ ይላል፣ በለሱ እምቢ ይላል፣ ወይኑም እምቢ ይላል። በመጨረሻ እሺ የሚለው እሾሁ ነው። ዛፍ እንደማይናገር ኢዮአታምም ሴኬማውያንም ያውቁ ነበር። እኛስ በጭራቅና በአያ ጅቦ ተረት አይደል ያደግነው? እኔ አያቴ እግር ሥር ምድጃ ዳር ቁጭ ብዬ የሰማሁት ጭራቅ ስንት ሌሊት አስፈርቶኛል። ከክርስቶስ ግን አላራቀኝም።

«የሐዋርያት ሥራ ላይ መጻሕፍት ተቃጥለው የለም ወይ?» ትዪኝ ይሆናል። አዎ፣ ምዕራፍ 19 ላይ፣ በኤፌሶን። ዋጋቸው አምሳ ሺህ ብር ሆነ ይላል። ነገር ግን ሁለት ነገር ልብ በይ። እነዚያ የልጆች ተረት አልነበሩም፤ ሰዎች ሲሠሩባቸው የኖሩ የአስማት መጻሕፍት ናቸው። ያቃጠሏቸው ደግሞ ባለቤቶቹ ራሳቸው ናቸው፤ አምነው፣ በገዛ ፈቃዳቸው። እናት ከልጇ እጅ ነጥቃ የምታቃጥለው ከዚያ ጋር አንድ አይደለም።

ይህን ስል ልጆች ያገኙትን ሁሉ ያንብቡ ማለቴ አይደለም። ስለዚህ አንቺም አንብቢው። ቋንቋው ከከበደሽ እሷ እያነበበች ትተርጉምልሽ፤ ደስ ይላታል። ስትሰሚ ይህን አስተውዪ፦ መጽሐፉ ክፉውን ክፉ ይለዋል? ወይስ ኃይል እስካገኘሽ ድረስ ያሻሽን አድርጊ ይላል? ከታሪኩ ወጥቶ «አንቺም ሞክሪው» ብሎ አደራረጉን የሚያስተምር ከሆነ ግን ተረትነቱ ቀርቷል። እንዲህ ያለውን ምክንያቱን ነግረሽ ከቤትሽ አውጪው።

አሁን ወደ አበባው። እዚህ ላይ ጠንከር እላለሁ።

ልማዱ የቆየ ነው። በሚድሶማር ዋዜማ ልጃገረዶች ሰባት ዓይነት አበባ ይለቅማሉ፤ ሲለቅሙ ቃል መተንፈስ የለም። ሰባት አጥር እየዘለሉ የሚለቅሙም ነበሩ። አበባው ትራስ ሥር ገብቶ የወደፊቱን ባል በሕልም ያሳያል ይባላል። ዛሬ አብዛኛው ሰው ለጨዋታ ነው የሚያደርገው። ልጅሽም ተጫውታ ነው እንጂ ክርስቶስን ክዳ አይደለም። ቢሆንም ጨዋታው ውስጥ ያለው ጥያቄ የጨዋታ አይደለም። ነገን የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው። ነገዬን ከአበባ፣ ከኮከብ፣ ከእጅ መዳፍ ልጠይቅ ማለት ዘዳግም 18 የከለከለው ነው። ይህን በዚሁ ቀላል ቋንቋ ንገሪያት፤ የ11 ዓመት ልጅ በደንብ ይገባታል።

ግን ከመናገርሽ በፊት ቤታችንን እንይ። ቡና ጠጥተን ሲኒ የምናስነብብ እኛ ነን። ለትዳር ኮከብ የምናስቆጥር እኛ ነን። የመስቀል ደመራ ወደየት ወደቀ ብለን የዓመቱን ዕጣ የምንገምት እኛው ነን። ልጅቷ ይህን እያየች አድጋ ከሆነ የስዊድኑ አበባ ለምን ይገርማታል? ይህን ስጽፍ አንቺን ልወቅስ አይደለም፤ ነገሩ ስለሚያመኝ ነው።

በዓሉንስ? በጅምላ የጣዖት ነው ብለሽ አትጣዪው። ሚድሶማር ለረጅም ዘመን ይከበር የነበረው የመጥምቁ ዮሐንስ ልደት በሚባልበት በጁን 24 እና በዋዜማው ነው። ዋዜማው ከጁን 19 እስከ 25 ባለው ዓርብ እንዲውል የተደረገው በ1953 እንደ ፈረንጆቹ ነው። ፊንላንዶች እስከ ዛሬ በዓሉን «ዩሃኑስ» ይሉታል፤ ዮሐንስ ማለት ነው። የኛ ቤተ ክርስቲያን የመጥምቁን ልደት የምታከብረው ሰኔ 30 ነው። ፈረንጆች ቀድሞ ይቆጥሩበት በነበረው በጥንቱ በዩልዮስ አቆጣጠር ስታሰዪው የኛ ሰኔ 30 እና የእነሱ ጁን 24 አንድ ቀን ናቸው! ይህን መጀመሪያ ያሰላሁት ዕለት ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

የጥንቱ የሰሜን አፍሪካ ጳጳስ ቅዱስ አውግስጢኖስ በዮሐንስ ልደት በዓል ሲሰብክ «እርሱ ሊልቅ እኔ ግን ላንስ ያስፈልጋል» የሚለውን የዮሐንስን ቃል ከፀሐይ ጋር አያይዞታል። ዮሐንስ ሲወለድ ቀኑ ማጠር ይጀምራል፤ ጌታ ሲወለድ ቀኑ መርዘም ይጀምራል። አዲስ አበባ ላይ ይህ አይታይም፤ ረጅሙም ቀን ከ12 ሰዓት ተኩል ብዙ አይዘልም። ስቶክሆልም ግን 18 ሰዓት ተኩል ገደማ ይደርሳል። ለልጅሽ ሌላም ንገሪያት። በመጽሐፈ ሄኖክ መልአኩ ዑራኤል ለሄኖክ የፀሐይን መንገድ ያሳየዋል፤ ቀንና ሌሊቱ በ18 ክፍል ተከፍሎ፣ ቀኑ እጅግ ሲረዝም የሌሊቱን እጥፍ፣ 12 ክፍል ለ6 ይሆናል። ይህ መጽሐፍ ሙሉውን ተጠብቆ የቆየው በግዕዝ ነው። ረጅሙ ቀን የአስማት በር አይደለም፤ የፈጣሪ ሥራ ነው። ልጅሽ የእሷው ቤተ ክርስቲያን ይህን ጽፋ እንዳቆየች ብታውቅ ኩራት ይሰማታል።

ስለዚህ ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ጋር ትጨፍር፣ የአበባ ጉንጉንም ራሷ ላይ ታድርግ። እኛም በዕንቁጣጣሽ አደይ አበባ ይዘን እንዘፍናለን። ድንቹንና እንጆሪውን ትብላ። ክሬም ያለበት ኬክ ግን ይቆይ፤ በዓሉ አብዛኛውን ጊዜ በሐዋርያት ጾም ውስጥ ይውላል። አስቀድመሽ ለጓደኞቿ ወላጆች ብትነግሪ ልጅቷ እዚያ አትሳቀቅም።

ጠበል መልካም ነው፤ ለበረከት ውሰጃት። ነገር ግን ጋኔን እንደያዘው ሰው አታድርጊያት። ለንስሓ አባታችሁ ደግሞ ራሷ ትንገር፤ አንቺ ቀድመሽ አታውሪላት።

ሰኔ 30 በፈረንጆቹ ጁላይ 7 ነው። ያን ቀን አብራችሁ ሜዳ ውጡና አበባ ልቀሙ። ሰባት ይሁን ሃያ፣ ቁጥሩ ግድ የለም። ዝም ብላችሁ ሳይሆን እየዘመራችሁ ልቀሙ። የለቀማችሁትን የመጥምቁ ሥዕል ሥር አድርጉት። ማታ ደግሞ ሉቃስ ምዕራፍ 1ን እሷ ታንብብልሽ።