ለግብር ሲሆን ደመወዝ፣ ለጡረታ ሲሆን አበል

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 56 ነው፤ በአንድ የግል ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጥሬ እሠራለሁ። በወር የማገኘው 14,000 ብር ነው፤ በመክፈያው ላይ ግን 9,000 ብሩ ደመወዝ፣ 5,000 ብሩ የቤት አበል ተብሎ ተጽፏል። ግብር ከሁለቱም ድምር ይቆረጥብኛል፤ ጡረታ የሚታሰብልኝ ከ9,000 ብሩ ብቻ ነው። ይህ አግባብ ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ግብሩ ላይ ስሕተት የለም። በ2017 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ገቢ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ቢልም፣ በጥሬ ገንዘብ የሚከፈል የቤት አበል ዛሬም ግብር ይከፈልበታል። ከ14,000 ብርዎ 2,850 ብር መቆረጡ ትክክል ነው።

የሚያሳስበኝ ጡረታዎ ነው። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት የጡረታ አበሉ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው፦ ለ10 ዓመት አገልግሎት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። 60 ዓመት ሲሞላዎት 18 ዓመት አገልግለው ከሆነ 40 በመቶ ይደርስዎታል። ከ9,000 ሲታሰብ 3,600 ብር፣ ከ14,000 ሲታሰብ 5,600 ብር ነው። በየወሩ 2,000 ብር፣ ያውም ዕድሜ ልክ! አሠሪው በዚህ አከፋፈል ከ11 በመቶ መዋጮው በወር 550 ብር ይተርፈዋል። ሠራተኛውም ተጨማሪ 350 ብር ስለማይቆረጥበት ዝም ይላል፤ ጉዳቱ የሚታወቀው ጡረታ ሲወጣ ነው።

በእኔ እምነት ክርክር አለዎት። የጡረታ አዋጁ ደመወዝ የሚለው በመደበኛ የሥራ ሰዓት ለሚሠራ ሥራ የሚከፈለውን ሙሉ የወር ክፍያ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 53ም ደመወዝ የማይባሉትን፣ እንደ ትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ ጉርሻና ኮሚሽን ያሉትን፣ ሲዘረዝር የቤት አበልን በስም አልጠቀሰም። በየወሩ ሳይቋረጥ፣ ቤት ላለውም ለሌለውም እኩል የሚከፈል ገንዘብ ስሙ አበል ቢሆንም ደመወዝ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል። አሠሪው ደግሞ ውሉን ይዞ ይሟገታል፤ ስለዚህ ውጤቱ በማስረጃዎ ይወሰናል።

ስለ ጡረታ ማሻሻያ በተነሳ ቁጥር የመዋጮው መጠን ይነሳል። እኔ ግን ከዚያ በፊት ሕግ አውጪው ለግብርና ለጡረታ የሚያገለግል አንድ የደመወዝ ትርጉም ቢያስቀምጥ እመርጣለሁ። መንግሥት ግብር ሲሰበስብ ገቢ ብሎ የቆጠረውን ገንዘብ ሠራተኛው ሲጦር አላየሁም ማለቱ ፍትሕ አይደለም።

አሁን የቅጥር ውልዎን፣ የደመወዝ መክፈያዎችንና የባንክ መግለጫዎን ይሰብስቡ። ወደ ግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ሄደው በስምዎ የተመዘገበውን ደመወዝና የአገልግሎት ዘመን ያረጋግጡ፤ አሠሪዎንም እንዲያስተካክል በጽሑፍ ይጠይቁ፣ ግልባጩንም ይያዙ። ስሌቱ የመጨረሻዎቹን 3 ዓመታት ስለሚይዝ፣ 57 ዓመት ሳይሞላዎት የተስተካከለ ደመወዝ ሙሉ በሙሉ ይቆጠርልዎታል።