ዙሪያው የተቆራረጠ የስፔን ወርቅ ፎርጅድ ነው?

ሰላም እህቴ። «ፍሎሪዳ ያለ ሰው የ1715 የስፔን ወርቅ ሳንቲም ልሽጥልሽ አለኝ፤ ባለ 8 ኤስኩዶ ነው ይላል። ግን ዙሪያው የተቆራረጠ ነው፣ ዓመቱም አይታይም። ፎርጅድ ይሆን?» ብለሽ ጠይቀሽ ነበር። እኔም በዚሁ ነገር አንዴ ተሸውጃለሁና ላጫውትሽ።

መቆራረጡ አያስፈራሽ። ያኔ በስፔን ሥር በነበረችው ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ወርቁ ተቀጥቅጦ ይቆረጣል፣ ይመዘናል፣ ከበድ ካለ ጫፉ በመቀስ ይከረከማል። ከዚያ በሁለት ማኅተም መሀል ተቀምጦ በመዶሻ ይመታል። የስፔን ንጉሥ የሚፈልገው ክብደቱንና የወርቁን ጥራት ነው፤ አብዛኛው ስፔን ሲደርስ ይቀልጥ የለ! ማኅተሙ ደግሞ ከወርቁ ስለሚሰፋ ዳር ያለው ጽሑፍና ዓመቱ ብዙ ጊዜ ሳያርፍ ይቀራል። ዓመቱ ጥርት ብሎ የሚነበብ ከሆነ ዋጋው ይሰቀላል። ሜክሲኮ ክብ የወርቅ ሳንቲም በማሽን መምታት የጀመረችው በ1732 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ለየት ተደርገው የተመቱ ክቦች አሉ፤ እነሱ ግን የትልልቅ ጨረታ ዕቃ ናቸው፣ እኛ ጋ አይደርሱም።

የኔ ነገር እንዲህ ነው። ሳንቲሙ ላይ የተመታው መስቀል ያምራል፣ በጀርባው ያለው ጋሻ ያምራል፣ «ከሰጠመ መርከብ የወጣ» የሚል ወረቀትም አለው። ከፈልኩ። በኋላ ወርቅ ቤት ወስጄ ሲመዘን 17 ግራም! ባለ 8 ኤስኩዶ ወደ 27 ግራም መሆን አለበት። ወርቅ ቅብ ናስ ነበር። ድሮ አገራችን ሰው የማርትሬዛ ብር ሲሰጠው በላዩ የተቀረጸችውን እቴጌ የጌጥ ነጠብጣብ ሳያይ አይቀበልም ነበር፤ እኔ ሚዛን እንኳን አልጠየቅኩም።

ስለ 1715 ደግሞ፣ በስፔን የዙፋን ውርስ ጦርነት ምክንያት ከአሜሪካ ወደ ስፔን በመርከብ የሚሄደው የወርቅና የብር ጭነት ለዓመታት ተጓትቶ ነበር። መርከቦቹ ከሃቫና በጁላይ መጨረሻ ተነሡ፤ ጁላይ 31 ቀን ማዕበል 11 የስፔን መርከቦችን ፍሎሪዳ ዳርቻ ላይ ሰባበረ። ወደ ሺህ ሰው አለቀ። ስፔኖቹ ራሳቸው ብዙውን አወጡ፣ የባሕር ወንበዴዎችም የሰበሰቡትን ዘረፏቸው። የቀረው በ1960ዎቹ እንደገና መውጣት ጀመረ። ስለዚህ ልብ በዪ፤ የዚያ ዘመን እውነተኛ ሳንቲም ሁሉ ከእነዚያ መርከቦች አልወጣም። «ከመርከቡ ነው» ለሚለው ቃል ብቻ ተጨማሪ ገንዘብ እየተጠየቅሽ ሊሆን ይችላል። ወረቀት ማተም ደግሞ ወርቅ ከመምታት ይቀላል።

ማብረቅረቁም አያጠራጥርሽ። ባሕር ብሩን ያጠቁራል፣ ይበላዋል፤ ወርቁን አይነካም።

አሁን ሚዛን ላይ አስቀምጦ ፎቶ እንዲልክልሽ ጠይቂው። ከጋሻው ጎን በ«ኤም» ፊደል ላይ ትንሽ «ኦ» ካለ የሜክሲኮ ነው። ሁለት ዓምድና የባሕር ሞገድ ካለበት ግን የሊማ (ፔሩ) ሊሆን ስለሚችል ፎቶውን እዚህ ለጥፊው፣ አብረን እናየዋለን። «ሚዛን የለኝም» ካለሽ ስልኩን ዝጊው።