ጥያቄና መልስ፦ የቀድሞ የፉትቦል ኮከቦች ጥሩ የኮሌጅ ረዳት አሰልጣኝ ይወጣቸዋል?

እዚህ የምንነጋገረው ስለ አሜሪካው ፉትቦል፣ በተለይም ስለ ዩኒቨርሲቲ ቡድኖች ነው። አባላት ያቀረቧቸው ጥያቄዎችና የተሰጡት መልሶች እንደ አመጣጣቸው ተቀምጠዋል።

ጥያቄ፦ ነገርን ከሥሩ እንዲሉ፣ ረዳት አሰልጣኝ የሚባለው ሰው በትክክል ምን ይሠራል? ከሜዳ ዳር ቆሞ ከመጮህ ያለፈ ሥራ አለው?

መልስ፦ አለው፤ እንዲያውም የጨዋታው ቀን ከሥራው ትንሹ ክፍል ነው። ረዳት አሰልጣኙ ብዙውን ጊዜ በአንድ ቦታ የሚጫወቱትን ልጆች፣ ለምሳሌ ሪሲቨሮችን (ኳስ ተቀባዮችን) ወይም ላይንባከሮችን (ከፊት መስመሩ ጀርባ የሚቆሙትን ተከላካዮች) ብቻ፣ ይረከባል። የተጋጣሚውን ቡድን ቪዲዮ ቆራርጦ ያያል፣ ከዚያ ውስጥ ለልጆቹ የሚጠቅመውን መርጦ በክፍል ውስጥ ያስተምራል፣ ያስተማረውን ሜዳ ላይ ያለማምዳል፣ ከልምምድ በኋላ ደግሞ ልምምዱን በቪዲዮ ተመልክቶ እያንዳንዱን እርምጃ ያርማል። የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው የኤንሲኤኤ ደንብ ተጫዋቾቹ በውድድር ወቅት በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ ለስፖርቱ እንዲያውሉ ስለማይፈቅድ፣ በዚያች ጠባብ ጊዜ ውስጥ የ18 ዓመት ልጅ ሊገባው በሚችል መንገድ ማስረዳት ግድ ይላል። በዚህ ላይ ምልመላው አለ፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን መዞር፣ ወላጆችን ማነጋገር፣ ለወራት መልእክት መላላክ የእርሱ ድርሻ ነው።

ጥያቄ፦ እንግዲያው በኤንኤፍኤል (በፕሮፌሽናል ሊጉ) ስመ ጥር የነበረ ሰው ይህን ሥራ ከሌላው የተሻለ ይሠራል ወይስ አይሠራም?

መልስ፦ የእኔ አቋም እንዲህ ነው፦ ዝና ለምልመላ ይጠቅማል፣ ለማስተማር ግን በራሱ የሚጨምረው ነገር እምብዛም ነው። ስለዚህ አንድን ኮከብ ለመመዘን ስንት ዋንጫ እንዳነሣ ከመጠየቅ ይልቅ፣ ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ወደ አሰልጣኝነቱ በየትኛው በር እንደገባ መጠየቅ ይሻላል። ከታች፣ ቪዲዮ ከመቁረጥና የሌላውን አሰልጣኝ ማስታወሻ ከማዘጋጀት የጀመረው አብዛኛውን ጊዜ ይሳካለታል፤ በስሙ ብቻ ከላይ የተቀመጠው ግን ሥራውን የሚማረው በልጆቹ ላይ ነው።

ለዚህ ግልጹ ምሳሌ ጄምስ ሎሪናይተስ ይመስለኛል። በኦሃዮ ስቴት ሦስት ጊዜ ኦል አሜሪካን (ከአገሪቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋቾች አንዱ) ተብሎ የተመረጠ ላይንባከር ነበር፤ በኤንኤፍኤልም ስምንት የውድድር ዘመን ተጫውቷል። ይህን ሁሉ ይዞ ግን በ2022 ወደ ኖትር ዴም የሄደው በምሩቅ ረዳትነት ነው፤ ይህም ለድኅረ ምረቃ ተማሪ የሚሰጥ፣ ክፍያው አነስተኛ፣ ሥራው የበዛ የመጀመሪያው እርከን ነው። በ2023 በዚያው ደረጃ ወደ ኦሃዮ ስቴት ተመለሰ፤ ሙሉ የላይንባከሮች አሰልጣኝ የሆነው በ2024 ነው። ቡድኑም የዚያን የውድድር ዘመን የአገሪቱን ሻምፒዮና አሸነፈ። ድሉ የእርሱ ብቻ ነው አልልም፤ ነገር ግን ቦታውን በስሙ ሳይሆን በሁለት ዓመት ልፋት እንዳገኘው መካድ አይቻልም።

ጥያቄ፦ የዝና አዳራሽ አባሉ ዋረን ሳፕ በኮሎራዶስ? በእርሱ መምጣት መከላከሉ ተሻሽሏል ሲባል እንሰማለን።

መልስ፦ ሳፕ በ2024 ዲዮን ሳንደርስ ወደሚመራው የኮሎራዶ ቡድን የገባው እንደ ሎሪናይተስ በምሩቅ ረዳትነት መሆኑን አደንቃለሁ፤ በ1999 የኤንኤፍኤል የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ተብሎ ለተሸለመ ሰው ይህ ቀላል ዝቅ ማለት አይደለም። ኮሎራዶም በ2023 ከነበረበት 4 ድልና 8 ሽንፈት በ2024 ወደ 9 ድልና 4 ሽንፈት መሸጋገሩ እውነት ነው። ሆኖም በዚያው ዓመት ሮበርት ሊቪንግስተን ከሲንሲናቲ ቤንጋልስ መጥቶ የመከላከሉን ክፍል በሙሉ ተረክቧል። ዕቅዱን የሚነድፈውና ጥሪውን የሚያስተላልፈው እርሱ ነበር፤ በተጫዋችነቱ ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። ጋዜጠኞች ካሜራቸውን ወደ ሳፕ ማዞራቸው የሚጠበቅ ነው፤ እኛ ግን ምስጋናውን በካሜራው አቅጣጫ ባናከፋፍል መልካም ነው።

ጥያቄ፦ ብራያን ሃርትላይንን ሳይጠቅሱ ስለ ረዳት አሰልጣኝ መናገር ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። ሃርትላይን በማያሚ ዶልፊንስ ሁለት ጊዜ፣ በ2012 እና በ2013፣ በያዘው ኳስ ከ1,000 ያርድ በላይ ያስገኘ ጥሩ ሪሲቨር ነበር እንጂ ልጆች ፎቶውን ግድግዳ ላይ የሚለጥፉለት ኮከብ አልነበረም። በ2017 ኦሃዮ ስቴትን የተቀላቀለው ከመጋረጃ ጀርባ በሚሠራ ሠራተኛነት ነበር፤ በ2018 የሪሲቨሮቹን አሰልጣኝነት ተረከበ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ከተመረጡት ልጆች ስም ማየት ይቻላል፦ ጋሬት ዊልሰንና ክሪስ ኦላቬ በ2022፣ ጃክሰን ስሚዝ ኢንጂግባ በ2023፣ ማርቪን ሃሪሰን ጁኒየር በ2024፣ ኤሜካ ኤግቡካ በ2025፤ አምስቱም በኤንኤፍኤል ድራፍት (ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት) የመጀመሪያ ዙር ተመርጠዋል።

ምክንያቱን ስፈልግ የማገኘው እንደሚከተለው ነው። ሃርትላይን ተከላካዩን ጥሎ የሚሄድ ልዩ ፍጥነት ስላልነበረው፣ በሊጉ የኖረው በሩጫው መስመር ጥራት፣ በእግር አጣጣሉና የተከላካዩን ሚዛን በማወቁ ነበር። እነዚህ ደግሞ በቃል ሊነገሩ፣ በቪዲዮ ሊታዩ፣ ተደጋግመው ሊለመዱ የሚችሉ ነገሮች ናቸው። በተፈጥሮው ከሁሉ የፈጠነ ተጫዋች ግን ስሕተቱን በፍጥነቱ እያካካሰ ስላደገ፣ ልጁ ለምን እንደተበለጠ ሲጠይቀው የሚሰጠው መልስ ሊያጥረው ይችላል።

ጥያቄ፦ ይህ ከሆነ የሄይዝማን ዋንጫ (ለዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሰጠው ሽልማት) አሸናፊ የነበሩት ስቲቭ ስፐሪየር እንዴት ታላቅ አሰልጣኝ ሆኑ?

መልስ፦ ጥሩ ተቃውሞ ነው፤ ታሪኩ ግን ሲዘረዘር ያንኑ ያሳያል። ስፐሪየር በ1966 በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ኳርተርባክነት (ማጥቃቱን በሚመራው ተጫዋችነት) ዋንጫውን ቢያሸንፉም፣ በሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ አብዛኛውን ጊዜ ከጆን ብሮዲ ጀርባ ተቀያሪ ሆነው ነው የቆዩት። ዓመታትን ተቀምጦ ጨዋታ መመልከት ለተጫዋች መራራ፣ ለወደፊት አሰልጣኝ ግን ትምህርት ነው። ከዚያም በ1978 በፍሎሪዳ፣ በ1979 በጆርጂያ ቴክ ረዳት ሆነው ሠሩ፤ ከሁለቱም ቦታ ዋናው አሰልጣኝ ሲቀየር ያለ ሥራ ቀሩ። የማጥቃት ዕቅዳቸው ስም ያወጣው ከ1980 ጀምሮ በዱክ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1996 ፍሎሪዳን ለአገሪቱ ሻምፒዮንነት ሲያበቁ፣ ተማሪያቸው ዳኒ ወርፈል በዚያው ዓመት ሄይዝማንን ወሰደ። ዋንጫውን ራሱ አሸንፎ ሌላ አሸናፊ ያሠለጠነ ከእርሳቸው በፊት አልነበረም።

ጥያቄ፦ ብዙ ኮከቦች ረዳትነቱን ዘለው በቀጥታ ዋና አሰልጣኝ የሚሆኑት ለምንድን ነው? ዋናው ሥራ አይከብድም?

መልስ፦ ሰው የሚያስበው በተቃራኒው ነው፤ እኔ ግን ለኮከብ የሚቀለው ዋና አሰልጣኝነቱ ነው እላለሁ። ዋናው አሰልጣኝ የዩኒቨርሲቲው ገጽታ ነው፤ ለጋሾችን ያነጋግራል፣ ትልልቅ ተመልማዮችን ያሳምናል፣ ዝርዝሩን ደግሞ ለሚያውቁት ረዳቶች መስጠት ይችላል። ረዳቱ የሚሰጠው ሰው የለውም። ስለዚህ ዲዮን ሳንደርስ በ2020 በጃክሰን ስቴት፣ ኤዲ ጆርጅ በ2021 በቴነሲ ስቴት፣ ማይክል ቪክ በ2024 መጨረሻ በኖርፎክ ስቴት፣ ዲሻን ጃክሰንም በዚያው ጊዜ በዴላዌር ስቴት ያለ ኮሌጅ ረዳትነት ልምድ ዋና ሆነው ሲሾሙ፣ በታሪክ የጥቁሮች የሆኑት እነዚህ ዩኒቨርሲቲዎች የፈለጉት የሕዝብን ዓይን ጭምር ነበር። ሳንደርስ ያን አምጥቶላቸዋል፤ ከአገሪቱ ቀዳሚ ተመልማዮች አንዱ የነበረው ትራቪስ ሃንተር ፍሎሪዳ ስቴትን ትቶ ጃክሰን ስቴትን የመረጠው ለእርሱ ሲል ነው።

ጥያቄ፦ ኮከብ ያልነበሩት ደግሞ?

መልስ፦ ኒክ ሴበን በኤንኤፍኤል አልተጫወተም፤ በኮሌጅ አሰልጣኝነት ግን ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል። ማይክ ሊች በኮሌጅም እንኳ አልተጫወተም፤ የቅብብል ጨዋታን ከለወጡት አሰልጣኞች አንዱ ነው። ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው ለምን መጫወት የግድ እንደሆነ ሊያስረዳኝ አልቻለም።

ጥያቄ፦ በ2024 የወጣው ደንብ ነገሩን ይለውጠዋል?

መልስ፦ ይለውጠዋል ብዬ አምናለሁ። ቀድሞ ሜዳ ላይ ማስተማር የሚችሉት ዋናው አሰልጣኝ፣ 10 ረዳቶችና ጥቂት ምሩቅ ረዳቶች ብቻ ነበሩ፤ ከሰኔ 2024 ወዲህ ግን ተንታኝ እየተባሉ ከኋላ የሚሠሩትም እንዲያስተምሩ ተፈቅዷል። ከግቢ ውጭ ወጥቶ የመመልመል ፈቃድ ብቻ እንደተገደበ ቀርቷል። ይህ ለቀድሞ ተጫዋች ትልቅ ዕድል ነው፤ ሙሉ ኃላፊነት ሳይሸከም፣ ልምድ ካለው ሰው ጎን ቆሞ ማስተማርን መለማመድ ይችላል። ዩኒቨርሲቲዎቹም ስም ፍለጋ ውድ የሆነውን የረዳት መቀመጫ ማባከን አይገባቸውም።

ጥያቄ፦ እኔ በኮሎራዶ አውሮራ የምኖር አባት ነኝ። ልጄ ኮርነርባክ (ሪሲቨሮችን የሚጠብቅ ተከላካይ) ነው፤ ወደ ቤታችን የመጣው መልማይ በቴሌቪዥን የምናውቀው ሰው በመሆኑ ቤተሰቡ ሁሉ ተደናግጧል። ምን ልጠይቀው?

መልስ፦ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለዎት። እንግዳዎን እንደ ወጉ ያስተናግዱ፤ ፎቶውንም ተነሡ፣ ክፋት የለውም። ከዚያ በኋላ ግን ባለፉት ዓመታት በእጁ የነበሩት ኮርነርባኮች ሲመጡ ምን ይጎድላቸው እንደነበርና ሲሄዱ ምን እንደቻሉ በስም እየጠራ እንዲነግርዎት ይጠይቁት። የልጅዎን የጨዋታ ቪዲዮ አብራችሁ ክፈቱና ሁለት ስሕተት እንዲያሳያችሁ፣ እንዴት እንደሚያርመውም እንዲያስረዳ ያድርጉ። ስለ ራሱ ጨዋታ እያወራ ጊዜው ካለቀ ያ ራሱ መልስ ነው። እንዲሁም ረዳት አሰልጣኞች ቶሎ ቶሎ ቦታ እንደሚቀያይሩ አይርሱ፤ ሰውየው በሚቀጥለው ዓመት ባይኖር ልጅዎ በዚያ ዩኒቨርሲቲ፣ በዚያ የትምህርት ክፍል፣ በዚያ ስኮላርሺፕ መቆየት ይፈልግ እንደሆነ መልማዩ ከወጣ በኋላ ልጁን ለብቻው ይጠይቁት።