«እንዝርቷን ሰቀለችው»

ጥያቄ፦ እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብላ ነው የምትኖረው። ዕድሜዋን ሙሉ አረቄ ስታወጣ፣ እንጀራ ስትጋግር ጭስ ውስጥ ነው የኖረችው እንጂ ሲጋራ ነክታ አታውቅም። የዛሬ 2 ዓመት ሐኪም «ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ነው» ብሎ በአፍ የሚነፋ መድኃኒት አዘዘላት። አሁን ግን ከሳሏ ይልቅ ዝምታዋ አስጨነቀኝ። ቤተ ክርስቲያን ተወች፣ ሰንበቴ ቀረች፣ እንዝርቷን ከሰቀለችው ሁለት ወር ሆነ። እህል አይበላላትም፣ ከስታለች። ሌሊቱን ቁጭ ብላ ታነጋዋለች። «ሞት ረሳኝ» ትላለች። ጎረቤቱ «እርጅና ነው» ይለኛል። እውነት እርጅና ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ዓይኔ የቀረው እንዝርቱ ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያን መቅረቷ ይገባኛል፤ ዳገቱ አለ፣ ቆሞ ማስቀደሱ አለ። ፈትል ግን ቁጭ ብለው ነው የሚፈትሉት፣ ብዙ ትንፋሽ አይፈልግም። እሱንም ካስተዋት ሳንባዋ ብቻ አይደለም የታመመው። ሐኪሞች ድባቴ የሚሉት ሕመም ይመስለኛል። የሚወዱትን ነገር መተው፣ ምግብና እንቅልፍ ማጣት፣ ከሰው መሸሽ፣ ይሄ ሁሉ ከሁለት ሳምንት በላይ ሲቆይ «እርጅና ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም። ስንቱ ሽማግሌ ሲያርስና ሲሸመግል ይውል የለም እንዴ?

የሳንባ ሕመምተኛ ላይ ድባቴ የሚበዛው በከንቱ አይደለም። ትንፋሽ ሲያጥር ሰው ይፈራል፣ ሲፈራ ይቀመጣል፣ ሲቀመጥ ጡንቻው ይደክማል፣ ጡንቻው ሲደክም ከደጅ እስከ ጓሮ መሄዱ ራሱ ያስለከልከዋል፣ ያኔ ደግሞ ጭራሽ ይተኛል። አንቺም እንደ ጥሩ ልጅ ሥራውን ሁሉ ከእጇ ቀምተሻት ይሆናል። አትቆጪኝና፣ ትንሽ ትንሹን መልሺላት። ቡና ትልቀም፣ ግቢ ውስጥ ቀስ ብላ ትራመድ። ትንፋሿ ሲያጥር በአፍንጫዋ ትሳብ፣ ከዚያ ትኩስ ሻይ እንደሚያቀዘቅዝ ሰው ከንፈሯን አሞጥሙጣ ቀስ ብላ ታውጣ። ፈትሉንም ብትጀምር ደስ ይለኛል፣ ጥጡን ግን ሌላ ሰው ይዳምጥላት፣ ይንደፍላት፤ ብናኙ ለሳንባ አይበጅም። የአረቄውም ምድጃ ከሷ ይራቅ።

ሐኪም ዘንድ መሄዱ ግን አይቀርም። ድባቴ ይታከማል፤ በምክርም በመድኃኒትም። መድኃኒቱ ሥራው የሚታየው ሳምንታት ቆይቶ ነውና «አልሠራም» ብላ ቶሎ እንዳትተወው። ክሳቷንም ንገሩ፣ ቲቢ እንዳይሆን አክታዋ ይታይ። ቁጭ ብላ ማደሯ ከሐሳብ ነው ወይስ ስትተኛ ስለሚያፍናት? ለሐኪሙ ለይታችሁ ንገሩት፤ የሚያፍናት ከሆነ የልብ ሕመምም ሊሆን ይችላል። ጠበሉን አልከለክልሽም፣ መድኃኒቷን ግን አታቋርጥ። የጎረቤት የእንቅልፍ ኪኒን እንዳትሰጫት፤ አንዳንዱ የደከመ ትንፋሽን የባሰ ያደክማል።

«ሞት ረሳኝ» የምትለውን እንደ አሮጊት ወግ አትለፊው። ለብቻችሁ ስትሆኑ «እማዬ፣ ራስሽን ልታጠፊ አስበሽ ታውቂያለሽ?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂያት። መጠየቅሽ ሐሳቡን አያመጣባትም። አዎ ካለችሽ በዚያው ዕለት ይዘሻት ሂጂ፣ እስከዚያ ብቻዋን አትሁን፤ የእህል ጎተራ ውስጥ የሚገባውን የነቀዝ ኪኒንና የማሳ መርዝም ከቤት አውጪ።

ስትሄዱ ፓፉን፣ ያንን በአፍ የሚነፋውን መድኃኒት፣ ይዛችሁ ሂዱ። ነርሷ ፊት ትንፋውና አነፋፏ ይታይ። በትክክል የማይነፉት ብዙ ናቸው፣ መድኃኒቱ ጉሮሮ ላይ ይቀርና ሳንባው አያገኘውም።